የጭሱ ቀለም የመኪናውን ዋጋ ይናገራል
ያገለገለ ፖርሽ ገዢዎች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ሞተሩን እንዴት ይመረምራሉ?

ባለንብረቱ መኪናውን አሳጥቦ፣ ሞተሩን አሙቆ ገዢውን በር ላይ ይጠብቃል። ቀዩ ቦክስተር ያብረቀርቃል፤ ድምፁም እንከን የለበትም። የተጠየቀበት ዋጋ 12 ሺህ ዶላር ነው። ልምድ ያለው ገዢ ግን ቀለሙን ከማድነቁ በፊት እጁን ወደ ጭስ ማውጫው ጠጋ ያደርጋል። ሙቀት ከተሰማው ዋጋ አይደራደርም። «ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ልምጣ» ብሎ ይሄዳል።

ገዢው እንዲህ የሚያደርገው ተጠራጣሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ሲነሳ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚያወጣው ጭስ፣ ሻጩ በግማሽ ቀን ወሬ የማይናገረውን ይናገራል። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ግን ምስጢሩን ይደብቃል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያገለገሉ የስፖርት መኪናዎች ገበያ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው የፖርሽ ቦክስተርና የ911 ሞዴሎችን ለሚገዛ ሰው ነው። ኩባንያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሽያጩ አሽቆልቁሎ በከፍተኛ ችግር ላይ ነበር። ከችግሩ ካወጡት ምርቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ የዋለው ቦክስተር ነው። ፍላጎቱ ከፍ በማለቱ ከጀርመን ውጭ ፊንላንድ ውስጥም ተገጣጥሟል። በዓመቱ፣ በ1997፣ በፋብሪካ ቁጥሩ 996 የሚባለው አዲሱ 911 ተከተለ። ሁለቱ መኪናዎች ወጪ ለመቆጠብ ብዙ ዕቃ ይጋራሉ። ኤም 96 የተባለው በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተርም የጋራቸው ነው።

ዛሬ እነዚህ መኪናዎች ወደ ፖርሽ ባለቤትነት ከሚያስገቡ በሮች በዋጋ ዝቅተኛዎቹ ናቸው። ዋጋቸውን ዝቅ ያደረገው ዕድሜያቸው ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ስም ነው። ሞተሩ ተፈትቶ በልዩ ባለሙያ እንደ አዲስ ሲሠራ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ይህም ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ጭስን ለይቶ ማወቅ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኪስ ጉዳይም ነው።

ሁሉም ጭስ በሽታ አይደለም

«እሳት በሌለበት ጭስ የለም» ይባላል። በዚህ ሞተር ላይ ግን አባባሉ ሁልጊዜ አይሠራም። የኤም 96 ሲሊንደሮች እንደ ብዙዎቹ መኪናዎች ቆመው ሳይሆን ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ተኝተው የተቀመጡ ናቸው። መኪናው ለቀናት ሲቆም፣ በተለይም ወደ ጎን ያዘነበለ ቦታ ላይ ሲቆም፣ ጥቂት ዘይት በፋሻዎቹ አልፎ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ ይህ ዘይት ይቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ይወጣል። ጭሱ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ከጠፋና በየቀኑ የማይደጋገም ከሆነ የሞተሩ ባሕርይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ይህን የማያውቅ ገዢ ጤነኛ መኪና ጥሎ ይሄዳል። የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ እውነተኛውን ብልሽት «የፖርሽ ጠባይ ነው» ብሎ ሊሸፍነው ይሞክራል።

ከዚህ ቀጥሎ ቀለሙ ይታያል። ሰማያዊ ጭስ የተቃጠለ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ከልክ በላይ የገባ ቤንዚን ነው። በብርድ ጠዋት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ተራ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥልና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ የራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን ተከፍቶ ይታያል። ውስጡ ቡናማ ቅባት ከተገኘ ዘይትና ውሃ ተቀላቅለዋል ማለት ነው። መንስኤው የዘይት ማቀዝቀዣው ብቻ ከሆነ ገዢው ዕድለኛ ነው። ቴስታታው ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

ጭሱ የሚወጣበት ሰዓትም ይመረመራል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ተለቅቆ ቆይቶ እንደገና ሲረገጥ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ ዘይት በቫልቮላዎቹ በኩል እየወረደ መሆኑን ይጠቁማል። ሞተሩ በጉልበት ሲጎትት ያለማቋረጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ጥርጣሬውን ወደ ፋሻና ወደ ሲሊንደር ግድግዳ ይወስደዋል።

ብዙ የሚያስፈራው ቀላሉ ብልሽት

ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ መንገዱ እስኪጠፋው ድረስ ወፍራም ነጭ ሰማያዊ ጭስ የሚለቅ ቦክስተር ወይም 911 ሲታይ፣ ብዙው ሰው ሞተሩ አለቀ ብሎ ይደመድማል። በዚህ ሞተር ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሞተሩ የሚወጣውን አየር ከዘይት የሚለይ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ሲቀደድ፣ ሞተሩ ከአየሩ ጋር ዘይቱን ጭምር እየሳበ ያቃጥላል።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ የዘይት መሙያው ክዳን ይሞከራል። ጤነኛ ሞተር ክዳኑን በመጠኑ ይስባል። ክዳኑ አልላቀቅ ብሎ ከተያዘ፣ ሲከፈትም ሞተሩ በጣም ከተንገጫገጨ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት ነው። በመሣሪያ ሲለካ ጤነኛው ስበት 5 ኢንች የውሃ ከፍታ ገደማ ነው። የአየር ማስገቢያው ቱቦ ሲፈታ ውስጡ በዘይት ከራሰ ማስረጃው ተሟላ።

ዕቃው የሚያስወጣው ከሞተር እድሳት ጋር የማይወዳደር ጥቂት መቶ ዶላር ነው። አስቸጋሪው ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው። ሆኖም «ቀላል ነው» ተብሎ እየጨሰ መነዳት የለበትም። ዘይት እንደ አየር አይታመቅም። በብዛት ሲሊንደር ውስጥ ከገባ የፒስተኑን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል። ሁለት ጥንቃቄዎችም ይታከላሉ። ዘይት ከልክ በላይ የተሞላበት ሞተር ተመሳሳይ ጭስ ስለሚያወጣ በቅድሚያ ልኩ ይታያል። ዕቃው ከተለወጠ በኋላም በማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጭሱ ለጥቂት ጊዜ ሊቀጥል ይችላል። ይህን ባለመረዳት ያለ ጥፋቱ ሞተር ያስፈታ ባለንብረት የሁለት ጊዜ ከፋይ ይሆናል።

ትንሽ የሚያጨሰው ከባዱ ብልሽት

ገዢውን በእውነት የሚያከስረው ብልሽት ያን ያህል አያጨስም። የሲሊንደሩ ግድግዳ በፒስተኑ መቧጨር ነው። ጭረቱ በብዛት የሚታየው ትልልቆቹ የ911 ሞተሮች ላይ ሲሆን፣ ትንንሾቹ 2.5 እና 2.7 ሊትር የቦክስተር ሞተሮች የተሻለ ስም አላቸው። በብርድ አገር ሞተሩን ሳይሞቅ በጉልበት መንዳት፣ አጫጭር ጉዞና ያረጀ ዘይት ብልሽቱን ያፋጥናሉ።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። የዘይት ፍጆታው ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከአንድ ጎን የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። የ911 ግራና ቀኝ ጭስ ማውጫ የየራሱ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ይልቅ በጥላሸት ይጠቁራል። ቦክስተር ላይ ጭሱ መሐል ላይ ባለ አንድ ቦታ ስለሚወጣ ይህ ልዩነት አይታይም። እዚያ ስድስቱ ካንዴላዎች ተፈትተው ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ። በቅባታም ጥላሸት የተለበጠው ካንዴላ የታመመውን ሲሊንደር ያሳያል።

የሲሊንደሩ የመታመቅ ኃይል ሲለካ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊያሳስት ይችላል። የተጫረ ሲሊንደርም ዘይቱ እየደፈነለት ጥሩ ቁጥር ይሰጣልና። ስለዚህ ባለሙያዎች በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገብተው ግድግዳውን በዓይናቸው ያያሉ። በጣም የሚጠነቀቁት ደግሞ የዘይት ማጠራቀሚያውን ሳህን ፈትተው ከሥር ይመለከታሉ።

የሚንጠባጠበውና የማይጨሰው

ሌላው ምልክት ወለል ላይ ነው። ሽታው የዘይት ሆኖ ጭሱ ከጭስ ማውጫው ሳይሆን ከመኪናው ሥር ከተነሳ፣ ዘይት በጋለው ቱቦ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። የካንዴላ ቱቦዎቹ ጎማ ወይም የሞተር ክዳኑ ጓርኒሲዮን ይታያል። ይህ ቀላል ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ቦታ የሚታይ ዘይት ግን ካምቢዮው እንዲወርድ ያስገድዳል።

እዚያው አካባቢ የገበያውን ስም ያበላሸው ኩሽኔታ ይገኛል። ኩሽኔታው ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን መካከለኛ ዘንግ የሚይዝ ነው። ሲሰበር ፒስተንና ቫልቮላ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ያበቃለታል። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ የቀረበው የጋራ ክስ እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት የተዘጋ ሲሆን፣ የሸፈነውም ከግንቦት 2001 መጀመሪያ እስከ የካቲት 2005 መጨረሻ ገደማ የተመረቱትን መኪናዎች ነው። ፖርሽ ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ባወጣው አዲስ ሞተር ዘንጉን ራሱን አስቀርቶታል።

ይህ ኩሽኔታ ሊሰበር ሲል አያጨስም። የሚናገረው በዘይት ፊልትሮው በኩል ነው። ፊልትሮው ተቀድዶ ሲዘረጋ በማግኔት የሚሳብ የብረት ብናኝ ከተገኘ መኪናው መነዳቱን ማቆም አለበት። ቡናማ የፕላስቲክ ስብርባሪ ከሆነ የሰንሰለት ማስደገፊያው እየተበላ ነው። ፍሪሲዮን ለመለወጥ ካምቢዮው በሚወርድበት ጊዜ ኩሽኔታውንም አብሮ የለወጠ ባለንብረት ደረሰኙን ጠብቆ መያዝ አለበት። ያ ወረቀት በሽያጭ ጊዜ ገንዘብ ነው።

ድርድሩ

እንግዲህ አስተዋይ ገዢ ማስታወሻ ይዞ ይሄዳል። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ያስነሳል፤ የጭሱን ቀለምና ጊዜ ይጽፋል፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ይሞክራል፤ የአገልግሎት ደረሰኞችን ይቆጥራል። ከዚያም ጥቂት መቶ ዶላር ከፍሎ ከሻጩ ጋር ዝምድና በሌለው ጋራዥ ካሜራው እንዲገባ ያደርጋል። ሻጩ ምርመራውን ከከለከለ መልሱ ተገኝቷል። ብልሽቱ የአየርና ዘይት መለያው ብቻ ከሆነ፣ የሚያስፈራው ጭስ ዋጋ የሚቀንስለት የገዢው ወዳጅ ይሆናል። ግድግዳው የተጫረ ከሆነ ግን የመኪናው ዋጋ የሞተሩ ማደሻ ተቀንሶለት የሚቀረው ነው። ብዙ ጊዜም የሚቀር የለም።

መኪናውን የገዛም ምርመራውን አያቋርጥም። ደልዳላ ቦታ ላይ የዘይቱን ልክ መዝግቦ፣ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ የጨመረውን ይጽፋል። ይህ ሞተር ከ8 ሊትር በላይ ዘይት ስለሚይዝ ዘይት መቀየር ውድ ነው። ነገር ግን ብዙ ባለሙያዎች በየ8 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር ይመክራሉ።

ትምህርቱ ለፖርሽ ገዢ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በአገር ውስጥ የነበሩት የቤንዚን መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። ሞተሩ ቆሞ የተሠራም ሆነ የተኛ፣ የተቃጠለ ዘይት ሰማያዊ ነው። ገዢውም ያገለገለ መኪና ሊያይ ሲሄድ «ሳታሞቁ ጠብቁኝ» ብሎ አስቀድሞ መደወል አይከፋውም።