ካሴቱን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት

ቤትዎ ውስጥ፣ ምናልባት ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ አቧራ የለበሰ የካሴት ካርቶን ይኖር ይሆን? ካለ ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ አይጣሉት።

ባለፈው ዓመት ወላጆቼ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ዕቃ የማሸጉ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። እማዬ 43 ካሴቶች የታጨቁበትን ካርቶን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ «ይሄን ለቆራሌው ስጪልኝ፤ ሁሉም ስልክሽ ላይ አለ አይደል?» አለችኝ። አባዬ መልስ አልሰጠም። ካርቶኑን አንስቶ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ አስገባው።

የእማዬ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ካለ ካሴት፣ ሲዲና ሸክላ ምን ይሠራሉ? ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሁለቱን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ አወዳደርኳቸው።

ስልኩ የሚያሸንፍበት

በምቾት ስልክን የሚያህል የለም። ቡና ተፈልቶ አንዱ ጥላሁን ገሠሠን፣ ሌላው አስቴር አወቀን ቢመርጥ ሁለቱም ወዲያው ይገኛሉ። ክር አይጠላለፍም፤ በእስክሪብቶ ማጠንጠን የለም። እንደ አውታርና ሰዋሰው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችም መጥተዋል።

ወጪውን ግን ያስሉት። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት በሚባለው የድምፅ ጥራት አንድ ሰዓት ሙዚቃ 58 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። በቀን 3 ሰዓት የሚያዳምጥ ቤተሰብ በወር ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ይጨርሳል ማለት ነው። ዘፈኑን ከነቪዲዮው ከከፈቱት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

ኪራይና የራስ ቤት

ለሙዚቃ መተግበሪያ በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ ኪራይ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ መተግበሪያው ውስጥ ያወረዷቸው ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ አይከፈቱም። ኩባንያው ከባለመብቱ ጋር ያለው ውል ሲያበቃም የሚወዱት ዘፈን ከዝርዝርዎ ሊጠፋ ይችላል፤ እርስዎን የሚያስፈቅድ የለም። ካሴትና ሸክላ የራስ ቤት ናቸው። ጣሪያው ቢያፈስም አከራይ አያስወጣዎትም።

ሰዎች በእጃቸው ያቆዩት ሸክላ ምን እንደሠራ ደግሞ ታሪክ ይነግረናል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የአዲስ አበባን ዘመናዊ ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1984፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አንድ ወዳጁ ከኢትዮጵያ ያመጣውን የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰማ። የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታተመ። ፋልሴቶም በኋላ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ስብስብ አዘጋጀ። ዛሬ በስልካችን የምንሰማቸው ብዙ የዚያ ዘመን ዘፈኖች ወደ ዓለም የወጡት በዚህ መንገድ ነው።

ስም ያልተጻፈበት ካሴት

ወደ እኛ ካርቶን ልመልስዎት። አንድ ቅዳሜ ካሴቶቹን ከስልኬ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። 11ዱን ፈልጌ አጣኋቸው። አንዱ ላይ ደግሞ ጨርሶ ስም አልተጻፈበትም።

የአባዬ ቴፕ ውስጥ ከተትኩት። ከሁለት ዘፈን በኋላ ሙዚቃው ተቋረጠና የአክስቴ ድምፅ መጣ። «እህት ዓለም፣ እንደምን ከረማችሁ? የላክሁልሽ ሻሽ ደረሰሽ?» ትላለች። ያኔ ጂዳ ነበረች። ስልክ መደወል ውድ በነበረበት ዘመን ድምፁን በካሴት ቀድቶ ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ የሚልክ ብዙ ነበር።

አክስቴ ካረፈች 9 ዓመት ሆኗታል። እማዬ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ ቴፑ አጠገብ ተቀመጠች። ካሴቱ እስኪያልቅ ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ ወዲህ እማዬ የቆራሌውን ስም አንስታ አታውቅም።

በማግስቱ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ውጭ አገር ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁላት። ካሴቱ ባይኖር የምልከው ነገር አልነበረም። ስልኩ ባይኖር ደግሞ በዚያው ቀን አይደርሳትም ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም፤ ሥራ ማከፋፈል ነው የሚሻለው።

እርስዎስ ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ ካሴቶቹን ይለዩ። ስልክ ላይ የሌሉትንና በቤት የተቀዱትን፣ የሠርግና የልደት ድምፅ ያለባቸውን ጨምሮ፣ ቅድሚያ ይስጧቸው። ከካሴቱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ይስበሯቸው፤ በስህተት ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳባቸው ይከላከላል።

ካሴቶቹን ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ማግኔት ካለበት የድምፅ ማጉያ አርቀው፣ አቁመው ያስቀምጡ። ከማጫወትዎ በፊት የቴፑን ሄድ በአልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ።

ለመገልበጥ ቴፑን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙ። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃዎታል። መገልበጡ ካሴቱ የሚጫወትበትን ያህል ሰዓት ስለሚወስድ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ካሴት ይያዙ። የተገለበጠውን ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱን ኮምፒውተር፣ ሌላውን ፍላሽ ላይ። በፋይሉ ላይ የተናጋሪውን ስምና ዓመቱን መጻፍ አይርሱ። የሚያስታውሱት ሰዎች አጠገብዎ እያሉ ይጠይቋቸው።

ካርቶኑን በዚህ ሳምንት መጨረሻ ቤተሰቡ ባለበት ይክፈቱት። ዘፈኑን ሌላ ቦታ ያገኙት ይሆናል። የእናትዎን ወይም የአክስትዎን ድምፅ ግን የሚያከራይዎ ኩባንያ የለም።