እምቢ ማለትም ሙያ ነው፤ ስለ ተዋናይት ሲስሊ ታይሰን
በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ «መምህር ማለት በሰሌዳ ፊት የቆመ ተዋናይ ነው» ሲባል ሰምተን በደብተራችን ጽፈናል፤ ለፈተናም አጥንተነዋል። ታዲያ ተዋናይስ ምንድን ነው? የሰጡትን ሁሉ ተቀብሎ የሚጫወት ነው ወይስ የሚመርጥ? ለዚህ ጥያቄ የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ታሪክ መልስ ይሆነናልና ለአንባቢያን ለማቅረብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲስሊ ታይሰን በ1924 በኒውዮርክ ከተማ ተወልዳ ሐርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር አደገች። ወላጆቿ ኔቪስ ከምትባል የካሪቢያን ደሴት የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ አባቷ አናጢ፣ እናቷ በሰው ቤት ሠራተኛ። እናቷ አጥባቂ ሃይማኖተኛ ስለነበሩ ሲኒማና ቴአትርን እንደ ኃጢአት ይቆጥሩ ነበር። ሲስሊ ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ በቀይ መስቀል መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ሠራች። ግን ዕድሜ ልኳን የጽሕፈት መኪና ስትመታ መኖር አልዋጥላት አለ። ሥራውን ትታ መጀመሪያ የፋሽን ሞዴል፣ ቀጥሎም ተዋናይት ሆነች። እናቷ ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው ከቤት አስወጧት፤ ለጊዜውም ተኳረፉ።

በ1961 የፈረንሳዊው ደራሲ የዣን ዠኔ «ጥቁሮቹ» የተባለ ተውኔት በኒውዮርክ ሲቀርብ ከተዋንያኑ አንዷ እሷ ነበረች። ተውኔቱ ከ1,400 ጊዜ በላይ ታይቷል። በ1963 ደግሞ በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ቋሚ ሚና ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች መካከል ሆነች። የተጫወተችው የአንድ የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጸሐፊን ነው። ፀጉሯን ሳትተኮስ እንደ ተፈጥሮው አድርጋ መቅረቧ ብዙ አነጋገረ፤ ብዙ ጥቁር ሴቶችም ተከተሏት።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ለጥቁር ሴት የሚሰጣት ሚና በአብዛኛው ወይ የቤት ሠራተኛ ወይ ሴተኛ አዳሪ ነበር። ሲስሊ ሕዝቤን የሚያዋርድ ሚና አልጫወትም አለች። በዚህም የተነሣ ለረጅም ጊዜ ያለ ሥራ የተቀመጠችበት ወቅት ነበር። የሠራተኛን ሕይወት ንቃ አይደለም፤ የገዛ እናቷ ሠራተኛ ነበሩ። የጠላችው ሰውየው ሰውነቱ ተገፎ መታየቱን ነው።

በ1972 «ሳውንደር» በተባለው ፊልም የአንድ ድሃ ጢሰኛ ሚስት ሆና ተጫወተች፤ ለኦስካር ሽልማትም ታጨች። ፊልሙን ስታስተዋውቅ አንድ ነጭ ጋዜጠኛ፣ ጥቁሩ ልጅ አባቱን የራሱ ልጆች እሱን በሚጠሩበት ቃል ሲጠራ ማየቱ እንዳስደነቀው ነገራት። ጥቁር አባትም አባት መሆኑ የሚያስደንቅ ከሆነ ገና ብዙ ሥራ አለ ማለት ነው! ሲስሊ ሙያዋን ለዚህ ለማዋል የቆረጠችው ያን ጊዜ እንደሆነ ተናግራለች።

በ1974 በባርነት ተወልዳ እስከ 110 ዓመቷ የኖረችውን የሚስ ጄን ፒትማንን ሚና በቴሌቪዥን ተጫውታ ሁለት የኤሚ ሽልማት አገኘች። አሮጊቷ ምርኩዟን ይዛ ለነጮች ብቻ ወደ ተለየው የውኃ ቧንቧ ዝግ ብላ ሄዳ ስትጠጣ፣ በዚያ ትዕይንት ብዙ ንግግር የለም። እርምጃዋ ግን ሁሉን ይናገራል።

እኛን ይበልጥ የሚነካን ሁለት ጊዜ መምህርት ሆና መጫወቷ ነው። በ1981 በቺካጎ የራሷን ትምህርት ቤት ከፍታ «አይችሉም» የተባሉትን ልጆች ያስተማረችውን ማርቫ ኮሊንስን በቴሌቪዥን፣ በ1983 ደግሞ በብሮድዌይ መድረክ በማዕድን ቆፋሪዎች መንደር የምታስተምር ሴትን ተጫወተች። ከዚያ ወደ ብሮድዌይ የተመለሰችው ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ በ2013 የቶኒን ሽልማት ስትቀበል 88 ዓመቷ ነበር። በ2018 የክብር ኦስካር ተሰጣት፤ በ2021 በ96 ዓመቷ አረፈች። በኒው ጀርሲ ኢስት ኦሬንጅ ከተማ በስሟ የተሰየመ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ።

እንግዲህ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ እኛም ሚና ይሰጠናል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ልጅ «ይህ አይገባውም» ብሎ የሚያልፍ መምህር ሚና ቀላል ነው፤ ማንም አይጠይቀንም። ያን ሚና እምቢ ማለት ግን ከአሁኑ መለማመድን ይጠይቃል።