ከፍታ፣ ወቅት፣ ርቀት፣ ይዞታ፦ የእንጀራችን ካርታ

ስልካችሁን ስትከፍቱ እንዲህ ያሉ ዜናዎች ሳያጋጥሟችሁ አይቀሩም። «በኩታ ገጠም የተዘራ ስንዴ ተጎበኘ»፣ «የበልግ ዝናብ ዘግይቷል»፣ «የሽንኩርት ዋጋ ጨመረ»። ብዙ ሰው ሦስተኛው ላይ ቆም ይላል፤ ሁለቱን በአውራ ጣቱ ያሳልፋቸዋል። ኪሱን የሚነካው ሽንኩርቱ ነዋ!

ለእኔ ግን ሦስቱም የአንድ ታሪክ ቁርጥራጮች ናቸው። የሚያገናኛቸው ትምህርት የእርሻ ጂኦግራፊ ይባላል። ስሙ ከበድ ቢልም ዋና ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄ ሰብል ለምን እዚህ በቀለ? ለምን እዚያ አልሆነም? መልሱን በአራት ቃላት ማሰባሰብ ይቻላል፤ ከፍታ፣ ወቅት፣ ርቀት እና ይዞታ። ደስ የሚለው ደግሞ አራቱንም ገበሬው በራሱ ቋንቋ ያውቃቸዋል።

ከፍታ፦ ጋቢ የሚወልቅበት ቁልቁለት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ይሄን ትምህርት በመኪና መስኮት ተምሮታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዙሪያዋ ገብስ፣ ባቄላና በግ ነው። ጣርማበርን አልፋችሁ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ስትወርዱ ግን ጋቢው ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ማሳው ላይ የምታዩትም ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ይሆናል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አባቶቻችን ይሄን ያለ ቴርሞሜትር ለይተው ስም ሰጥተውታል። እስከ 500 ሜትር በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። መጻሕፍት ድንበሩን ትንሽ ወዲህ ወዲያ ያደርጉታል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ጤፍና ቡና ወይና ደጋን ይወዳሉ፤ ገብስ ደጋን፣ ማሽላ ቆላን።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚያስፈራውም እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሰብሉ የለመደውን ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ወደ ላይ የሚወጣበት መሬት ያለው የቡና አካባቢ አለ፤ የሌለውም አለ። ተራራ መጨረሻ አለዋ!

ወቅት፦ ዝናብ ለሁሉም በአንድ ቀን አይመጣም

ከተሜው ዝናብ ሲባል ትዝ የሚለው ክረምት ነው። በብዙ ደጋማ አካባቢ ያለ ገበሬ ግን ሁለት ዝናብ ይጠብቃል። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው በልግ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት። በክረምቱ ዝናብ አድጎ ከጥቅምት ጀምሮ የሚሰበሰበው መኸር ይባላል። የአገሪቱ እህል አብዛኛው ከመኸር ስለሚገኝ፣ በልግ ዘገየ ሲባል «ምን አለበት፣ ዋናው ክረምት ነው» የሚል አይጠፋም።

አለበት እንጂ! በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች በበልግ ገብስ የሚኖር ቤተሰብ አለ። ከዚያም በላይ፣ ማሽላና በቆሎ ለመድረስ ብዙ ወራት ስለሚፈልጉ በብዙ ቦታ የሚዘሩት ሚያዝያ አካባቢ፣ በበልጉ እርጥበት ነው። በልጉ ከቀረ ገበሬው ማሽላውን ትቶ ቶሎ የሚደርስ ነገር ለመዝራት ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘውም ያንሳል። ስለዚህ በሚያዝያ የቀረ ዝናብ ጉዳቱ ፍጥጥ ብሎ የሚታየው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ጎተራው ሲከፈት ነው።

ቦረና ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። አዲስ አበባ በሐምሌ ጃንጥላ ስትዘረጋ ቦረና ደረቅ ነው። የዚያ አካባቢ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ነው፤ አጭሩ በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ ከብት በሚሊዮን አለቀ። በዚያው ጊዜ እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር የዘጋ ታክሲ እየጠበቅን ዝናብ እናማርር ነበር። የራሱን መስኮት ብቻ የሚያይ ሰው የአገሩን ድርቅ አያይም።

ርቀት፦ ወተቱ ለምን ከሱሉልታ መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1826 ጀርመናዊው ዮሐን ሃይንሪክ ፎን ቱነን አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ራሱ እርሻ ያስተዳድር ነበር። ያለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ በአንድ ሰፊ ሜዳ መሃል አንድ ከተማ ብቻ ቢኖር፣ መጓጓዣውም ጋሪ ቢሆን፣ እርሻው በከተማዋ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይደረደራል። ቶሎ የሚበላሹት ወተትና አትክልት ቅርብ ይሆናሉ። ቀጥሎ ለመሸከም የሚከብደው እንጨት፣ ከዚያ እህል፣ ዳር ላይ ደግሞ በእግሩ ገበያ የሚሄደው ከብት።

እስቲ አዲስ አበባን በዚህ ዓይን እዩዋት። ወተት ከሱሉልታና ከሆለታ፣ ጎመንና ሰላጣ ከአቃቂ ወንዝ ዳር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ሲቸግር ዙሪያዋ ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ እንጦጦ የቱነን ሁለተኛ ቀለበት ሆነች ማለት ነው። ጤፉ ከአድኣና ከጎጃም ይጫናል፤ ሰንጋው ከቦረና ድረስ ይመጣል።

መንገድና አውሮፕላን ግን ቀለበቱን ይሰብሩታል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር የተቆረጠ ጽጌረዳ በቦሌ በኩል አውሮፓ ይገባል። ከአወዳይ የተጫነ ጫት ሳይጠወልግ ድንበር ይሻገራል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይበሰብሳል፣ ከተማ ውስጥ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ርቀት የሚለካው በሰዓትና በብር ነው።

ይዞታ፦ አንድ ጥማድ ለስንት ልጅ?

አራተኛውን ቃል ያስረዳኝ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለው አጎቴ ነው። እሱ መሬቱን በሄክታር አይነግራችሁም። በጥማድ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ በግምት ሩብ ሄክታር። ልኬቱ ራሱ ጉልበትን የሚቆጥር ነው። ሳይዘራ የቀረን መሬት ደግሞ «ጦም አደረ» ይለዋል። ድሮ መሬት እንዲያርፍ ተብሎ ጦም ያድር ነበር። አሁን ለልጆች እየተከፋፈለ ያነሰ ማሳ የሚያርፍበት ጊዜ የለውም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ መሬትን የሕዝብ አደረገ። ዛሬም ገበሬው መሬቱን ይጠቀምበታል፣ ያወርሰዋል፣ ያከራየዋል፤ መሸጥ ግን አይችልም። አጎቴ ልጆቹ ከተማ ገብተው የሚያርስ ጉልበት ሲያጣ፣ ገብስ ይዘራበት የነበረውን አንዱን ጥማድ ባሕር ዛፍ ተከለበት። ማዳበሪያ አይጠይቅ፣ አረም አይፈልግ፤ አጣናው ለከተማው ግንባታ ይሸጣል። ጎረቤቱ ግን «ዛፍህ ውኃዬን እየጠጣ፣ ሰብሌን እያጠለለ ነው» ብሎ ከሰሰው። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሽማግሌዎቹ ብይን እስካሁን አልተቋጨም።

ኩታ ገጠም የመጣው ለዚሁ ለተቆራረጠ ማሳ መላ ተብሎ ነው። ድንበርተኛ ገበሬዎች መሬታቸውን ገጥመው አንድ ዓይነት ሰብል ይዘራሉ፤ ትራክተርና ኮምባይነር መግባት ይችላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ስጋቱም አለ፤ አንድ ዝርያ በሰፊው ሲዘራ በሽታም በሰፊው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው የተዘራውን «ኩብሳ» የተባለ የስንዴ ዝርያ ክፉኛ የመታው ለዚህ ምስክር ነው።

ታዲያ በሚቀጥለው ጊዜ ዜናው ስልካችሁ ላይ ሲመጣ አራት ጥያቄ ጠይቁት። ቦታው ደጋ ነው ቆላ? የየትኛው ዝናብ ወቅት ነው? ገበያው ምን ያህል ይርቃል? ማሳው የማን ነው፣ ስንት ጥማድ ነው? ሽንኩርት የተወደደው «ነጋዴ ስለጨከነ ብቻ» ይሁን ወይስ መንገድ ስለተዘጋ፣ መልሱ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ልታገኙት ትችላላችሁ። «በልግ ዘግይቷል» የሚለውንም አትለፉት። ያ ዜና የሚነግራችሁ ከወራት በኋላ የማን ጎተራ ባዶ እንደሚሆን ነው፤ እርዳታም ሆነ ዘር ቀድሞ ሊደርስ የሚችለው ደግሞ ገና በሚያዝያ የሰማ ሰው ሲኖር ነው።