ሸኚና ተቀባይ፦ ከአፍደም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪና የመላመድ ንድፈ ሐሳብ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪዎች የሚያወጡት የጥሪ ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም። የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዞ በተባለው ቀን መገኘት ነው። ወላጅ በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለ ተማሪዎች መላመድ የተጻፈው የምርምር ጽሑፍም በአብዛኛው ተማሪውን ማየት የሚጀምረው ከግቢው በር ነው። ይህ ጽሑፍ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ፣ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኘውን አፍደምን መነሻ ያደርጋል። የሚያነሣው ጥያቄም አንድ ነው፤ ከቤት መለየትን የመላመድ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ የሚወስደው ንድፈ ሐሳብ የአርብቶ አደር ቤተሰብ ልጅ የሚገጥመውን ችግር በትክክል ያሳየናልን?

ንድፈ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። ፈረንሳዊው የባህል አጥኚ አርኖልድ ቫን ጄኔፕ በ1909 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የሽግግር ሥርዓቶችን በመለየት፣ በመሸጋገርና በመቀላቀል ደረጃዎች ከፍሏቸዋል። ቪንሰንት ቲንቶ በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ማቋረጥ በጻፈው መጽሐፍ ይህንን ክፍፍል ወደ ኮሌጅ አመጣው። በእርሱ አገላለጽ አዲስ ተማሪ ከቀድሞ ማኅበረሰቡ በተወሰነ ደረጃ ሳይለይ በአዲሱ ውስጥ ሊዋሐድ ይቸገራል። ዊሊያም ቲየርኒ በ1992 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ትችት አቀረበ፤ የሽግግር ሥርዓት በአንድ ባህል ውስጥ የሚፈጸም ነው፣ ተማሪን ከራሱ ባህል አውጥቶ ወደ ሌላ ማስገባት ግን ሽግግር ሊባል አይችልም የሚል ነው። ትችቱ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተማሪዎች ላይ ያተኮረ ቢሆንም ለእኛ አገር ሁኔታ ከቲንቶ ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል። ሆኖም ቲየርኒም ቢሆን ክርክሩን ያቆመው በመለየት ላይ ነው። የአፍደም ጉዳይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደናል።

አፍደም የአሮጌው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያ ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ በቆላው ውስጥ ያቆማቸው ትንንሽ ጣቢያዎች ለዙሪያው አርብቶ አደር የገበያ፣ የሻይ ቤትና የወሬ መገናኛ ሆነዋል። ስለዚህ የከተማዋ ሰው ሰውን መሸኘትና መቀበል አዲስ ነገር አይደለበትም። የአርብቶ አደሩ ኑሮ ራሱም የተለያየ ቤተሰብን የለመደ ነው። አይ. ኤም. ሉዊስ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ሰሜናዊ ሶማሌዎች ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ ገና ያላገቡ ወጣቶች ግመሎችን ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሄዱ፣ በጎችና ፍየሎች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ውኃ ባለበት አቅራቢያ ይቀራሉ። ልጅ ከእናቱ ዓይን ለወራት መራቁ የኑሮው አንድ ክፍል ነው። ትምህርት ሲመጣም ይኸው ልማድ ቀጥሏል፤ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ልጅ ከተማ ውስጥ በአጎት ወይም በአክስት ቤት ተጠግቶ ይማራል። እንዲህ ያለው ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲደርሰው ከወላጆቹ ጋር የመጀመሪያውን ስንብት ካደረገ ዓመታት አልፈውታል።

በሶማልኛ የመሰነባበቻው ቃል «ነበድ ገልዮ» ነው፤ ቃል በቃል ወደ ሰላም መግባትን ይመኛል። የአማርኛው «በሰላም ያግባህ» ቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም ምርቃቶች ስለ መውጣት ሳይሆን ስለ መግባት መናገራቸው ልብ ሊባል ይገባል። ሸኚው በልቡ የያዘው ጥያቄ «ወዴት ትገባለህ? ማን ዘንድ ታርፋለህ?» የሚለው ነው። ወደ ግመል ግጦሽ ለሚሄደው ልጅ መልሱ ይታወቃል፣ ወደ አጎቱ ቤት ለሚሄደውም እንዲሁ። ምደባው ከአካባቢው ርቆ በወጣ ጊዜ ግን መልስ የለም። እንግዲህ የወላጅና የልጅ መለያየት ከባድ የሚሆነው በመለየቱ ብዛት ሳይሆን በወዲያኛው ጫፍ ተቀባይ ዘመድ ባለመኖሩ ነው የሚል ግምት ማቅረብ ይቻላል።

የምደባው ሥርዓት ይህንን ክፍተት አስፍቶታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ ብቻ ነበሩ። ለአፍደም ልጅ ሁለቱም በባቡሩ መስመር ወይም ከመስመሩ ብዙ ሳይርቁ የሚገኙ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መክፈታቸው ለአካባቢው ቅርበትን ቢያመጣም፣ በምርጫና በውጤት የሚሠራው ምደባ ተማሪውን ደብረ ብርሃን ሊያደርሰው ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ውስጥ የቆላ ልጅ ይዞት የመጣው ስስ ብርድ ልብስ በመጀመሪያው ሌሊት ምን እንደሚያስተምረው መገመት አያዳግትም። ምግቡም ይለያል፤ በሩዝ፣ በፓስታ፣ በአንጄሮና በወተት ሻይ ያደገ ልጅ በካፌ ውስጥ ከሽሮና ከእንጀራ ጋር ይተዋወቃል። እነዚህ ግን በሳምንታት የሚለመዱ ነገሮች ናቸው።

የማይለመደው፣ ወይም ዘግይቶ የሚለመደው፣ የቋንቋው ጉዳይ ነው። ከ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሶማልኛ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሶማልኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የተማረ ልጅ በሌክቸር ክፍል በእንግሊዝኛ ሊከታተል ይችል ይሆናል። የዶርም ድልድል፣ የሬጅስትራር ማሳሰቢያ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ጥያቄና የዶርም ጓደኞች ቀልድ ግን በአማርኛ ናቸው። በቀልድ መካከል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ተማሪ ቤቱ የናፈቀው ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን ቀልዱ አልገባውም እንጂ ቤቱ አልናፈቀውም። ሁለቱን የማይለይ ጥናት ለተሳሳተ ሕመም መድኃኒት ያዝዛል።

ተቀባዩን ታዲያ ማን ይተካዋል? በተግባር የሚተካው ከአንድ አካባቢ የመጣ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። መናኸሪያ ሄዶ ሻንጣ ያነሣል፣ ቅጽ ያስሞላል፣ የሥጋ ምግብ በየትኛው መስኮት እንደሚቀርብ ያሳያል፣ ለእናት ስልክ ደውሎ «ደርሷል፣ እኔ ጋ ነው» ይላል። ይህች «እኔ ጋ ነው» የምትለው ሐረግ ከማንኛውም የመግቢያ ገለጻ ይልቅ ወላጅን ታሳርፋለች። በግቢ አስተዳደር ዓይን ግን ይኸው ስብስብ ብዙ ጊዜ የመነጠል ምልክት፣ አለፍ ሲልም ጎጠኝነት ተደርጎ ይታያል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። በ2012 ዓ.ም በበርካታ ግቢዎች በተነሣው ሁከት የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል፣ ብሔርን የተከተለ መሰባሰብም ግጭቱን ለማቀጣጠል አግዟል። ይሁንና ያው ሁከት፣ ከዚያ ቀደም ብሎም በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ መቶ ሺዎችን ያፈናቀለው ግጭት፣ ወላጆች «ማን ዘንድ ነህ?» ብለው የሚጠይቁበትን ምክንያት አጠንክሮታል። ለእነርሱ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፣ መንገዱ በማን ሠፈር እንደሚያልፍም ጭምር ነው።

ስንብቱ ራሱም ቅርጹን እየለወጠ ነው። ከ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ተማሪው ከመመደቡ በፊት አንድ ጊዜ ከቤት ወጥቶ፣ በዶርም አድሮ ይመለሳል። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ብዙዎች በማካካሻ ትምህርት ገቡ። የማካካሻ ተማሪ ተመርቆ ተሸኝቶ፣ ማለፊያ ካላገኘ በወራት ውስጥ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። መለየት፣ መሸጋገር፣ መቀላቀል የሚለው ቀጥተኛ ቅደም ተከተል ለዚህ ተማሪ አይሠራም፤ ተሸኝቷል፣ ግን የገባበት የለም። ስልኩም ሌላ ለውጥ አምጥቷል። በ2013 ዓ.ም ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ አባት ፍየል ሸጦ በዚያው ቀን ለልጁ ብር ይልካል፤ እናት በየምሽቱ ድምፅ ትሰማለች።

እዚህ ላይ የመለኪያ ጥያቄ ይነሣል። በእኛ አገር የመመረቂያ ጽሑፎችም የሚጠቀሙበት የቤከርና የሲሪክ የኮሌጅ መላመድ መጠይቅ 67 ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ የቤት ናፍቆትን የማኅበራዊ መላመድ ጉድለት አድርጎ ይቆጥረዋል። መጠይቁ ተተርጉሞ ለሲቲ ዞን ተማሪዎች ቢቀርብ፣ በየምሽቱ ለእናቱ የሚደውልና ናፍቆቱን ሳይደብቅ የሚመልስ ተማሪ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። ተቀባይ ያጣው፣ ነገር ግን ናፍቆትን መናገር እንደ ድክመት የሚያየው፣ የተሻለ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ መጠይቁን ከመተርጎም በፊት ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች መጨመር አለባቸው፤ በደረስህበት ቀን ማን ተቀበለህ? ብትታመም የሚደውልልህ ማን ነው? ወላጆችህ የዚያን ሰው ስም ያውቃሉን? የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤቶችም እነዚህኑ ጥያቄዎች በምዝገባ ቅጽ ላይ ለማካተት ተጨማሪ በጀት አያስፈልጋቸውም፤ የጥሪ ማስታወቂያውን በሶማልኛና በአፋን ኦሮሞ ማውጣትና ወላጅ የሚደውልበት አንድ ስልክ ቁጥር ከብርድ ልብሱ ዝርዝር ሥር መጻፍም እንዲሁ።