የማገዶ ቍጠባ በሚዛን ይለካ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

የገጠር ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ መኪና የለውም፤ በአውሮፕላንም አይጓዝም። ነገር ግን በየቀኑ እሳት ያነዳል። ስለዚህ ወደ አየር የሚለቀውን የካርቦን ጋዝ ለመቀነስ ቢፈልግ፣ ሥራውን ሊጀምር የሚችለው ከጓዳው ነው።

ሀገራችን በ2004 ዓ.ም. ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ውስጥ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ማስፋፋት ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ የታደለው ምድጃ ብዛትና የተረፈው እንጨት መጠን አንድ አይደሉም። ምድጃው በጓዳው ጥግ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ፣ እንጀራው አሁንም በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጋገርበት ቤት አለ። በሪፖርት ላይ ግን ይህ ቤት ማገዶ እንደ ቆጠበ ይቆጠራል። ልዩነቱን የሚያሳየው ሚዛን ብቻ ነው።

ምድጃው ምን ያህል ይቆጥባል?

ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ ይሠራል። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ሙቀቱ በነፋስ አይባክንም፤ ከኋላ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ላይም ድስት ይጣዳል። በአግባቡ ከተሠራና ከተያዘ ለመጋገሪያ የሚውለውን እንጨት በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ይህ ማለት ግን የቤቱ ማገዶ በሙሉ በግማሽ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ወጥ፣ ቡናና ጠላ የየራሳቸው እሳት አላቸው። ከ10 ኪሎ እንጨት 6ቱ ለእንጀራ የሚውል ቢሆን፣ ከምድጃው የሚገኘው ቍጠባ 3 ኪሎ ነው።

የአመዛዘኑ ተራ

የሚያስፈልገው የሚንጠለጠል ሚዛን፣ ገመድና ደብተር ነው።

ሀ. ምድጃው ከመተከሉ በፊት ለሳምንት የሚበቃ ማገዶ ለብቻው ተቀምጦ ይመዘን። እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ለየብቻ ይጻፉ።

ለ. በሳምንቱ ውስጥ የሚጨመር ማገዶ ካለ ከክምሩ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ይመዘን።

ሐ. በ7ኛው ቀን ማብቂያ የተረፈው ይመዘን።

መ. በየቀኑ ከቤቱ የበላው ሰው ይቆጠር። ዕድሜው ከ15 እስከ 59 ዓመት የሆነ ወንድ 1፣ ከ14 ዓመት በላይ የሆነች ሴት 0.8፣ ከ59 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ 0.8፣ እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ 0.5 ሆኖ ይያዝ።

ሠ. ቤተሰቡ ምድጃውን ከለመደ በኋላ በዚያው ቤት እንደገና ይመዘን።

እንጀራ በየቀኑ ስለማይጋገር የሁለት ወይም የሦስት ቀን ምዘና ያሳስታል። የጾም ሳምንት ከፍስክ ሳምንት፣ የድግስ ሳምንት ከተራ ሳምንት ጋር አይወዳደርም። እርጥብ እንጨት በያዘው ውሃ ምክንያት ስለሚከብድ፣ በሁለቱም ጊዜ ድርቀቱ ተመሳሳይ የሆነ እንጨት ይመዘን።

የስሌት ምሳሌ

አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ያሉበት ቤት በዚህ አቆጣጠር 3.3 ሰው ይሆናል። መነሻው 50 ኪሎ፣ የተጨመረው 45 ኪሎ፣ የተረፈው 25 ኪሎ ቢሆን፣ የተቃጠለው 70 ኪሎ ነው። ይህም ለአንድ ሰው በቀን 3 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ከምድጃው በኋላ የተቃጠለው 49 ኪሎ ከሆነ ቍጠባው በሳምንት 21 ኪሎ፣ በ52 ሳምንት 1,092 ኪሎ ነው።

1 ኪሎ በአየር የደረቀ እንጨት ሲነድ 1.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ስለዚህ በዓመት ሳይለቀቅ የቀረው 1,856 ኪሎ ይሆናል።

እንጨቱ ከየት እንደ መጣም በደብተሩ ይጻፍ። ከጉቶው እያቆጠቆጠ የሚተካ ባሕር ዛፍ የለቀቀውን ካርቦን ሲያድግ መልሶ ይወስዳል። ከተፈጥሮ ደን ተቆርጦ ያልተተካ ወይራ ወይም ግራር ግን አይመልስም። ከላይ የተገኘው ቍጥር ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ለማይተካው እንጨት ነው።

እንጨቱ ቀንሶ ኩበቱ ቢጨምር ቍጠባ አይባልም፤ ማሳው ፍግ አጥቷልና። ከሰልም እንዲሁ ነው፤ በባህላዊው አሠራር 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ያስፈልጋል።

የእጅ ስልክ ያለው የልማት ሠራተኛ ስሌቱን በስልኩ ሠርቶ፣ የደብተሩን ገጽ ፎቶግራፍ አንስቶ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሊልክ ይችላል። ያልተመዘነ ቍጥር ግን በስልክ ስለተላከ ትክክል አይሆንም።

ከማኅበራት የሚጠበቅ

ማኅበሩ የሚመዘኑትን ቤቶች በዕጣ ይምረጥ። የኮሚቴ አባላት ቤት ብቻ ከተመዘነ ውጤቱ የቀበሌውን ሁኔታ አያሳይም።

ቍጠባው ከተጠበቀው ካነሰ፣ ጥፋቱ በባለቤቷ ላይ ከመጣሉ በፊት የሚከተሉት ይታዩ፦ ምጣዱ ከምድጃው አፍ ጋር ይገጥማልን? በመጋጠሚያው እሳት ይወጣልን? አመዱ በየጊዜው ይጠረጋልን? እንጨቱ ተፈልጦ ደርቋልን? የምድጃውን ጉድለት መጠየቅ የሚገባው በየሳምንቱ የምትጋግረውን ሴት ነው። አባወራው ብቻ ከተጠየቀ መልሱ «ደኅና ነው» ከማለት አያልፍም።

ከዚህ ምዘና የሚገኘው ጥቅም የካርቦን ቍጥር ብቻ አይደለም። ከላይ በምሳሌው የታየው 21 ኪሎ፣ አንዲት እናት ወይም ልጅዋ በየሳምንቱ ከሩቅ ተሸክመው ከማምጣት የሚድኑበት እንጨት ነው። ስለዚህ አዲስ ምድጃ ከመታደሉ በፊት ቀድሞ የታደለው ይመዘን።