የታክስ ኦዲት ቅድመ ማስታወቂያና የማስረዳት ሸክም፦ ሰቆጣን እንደ ማሳያ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት፣ በክልል ውስጥ በሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች ላይ የንግድ ትርፍ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የክልሉ ነው። ስለዚህ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሰቆጣ የሚነግድ ግለሰብ ሒሳቡ የሚመረመረው በአማራ ክልል የገቢዎች መዋቅር ነው። ይህ ጽሑፍ ከምርመራው በፊት የሚሰጥ ማስታወቂያ ያለውን ፋይዳ፣ የፌዴራሉን የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለማነጻጸሪያ በመውሰድ ያብራራል።

አዋጁ ሥልጣን የተሰጠው የታክስ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ወደ ንግድ ቦታ ገብቶ ሰነድ እንዲመረምር ይፈቅዳል። ሆኖም በቦታው ባለቤት ሲጠየቅ የጽሑፍ ፈቃድ ማሳየት ያልቻለ ሠራተኛ በዚያ ሊቆይ አይችልም። በሌላ በኩል፣ በክርክር ጊዜ የታክስ ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። ሁለቱ ድንጋጌዎች ተጣምረው ሲታዩ፣ ቅድመ ማስታወቂያ ማስረጃ የማሰባሰቢያ ጊዜ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ይህ ጊዜ በሰቆጣ የተለየ ክብደት አለው። ግብር ከፋዩ ራሱ ያሰላው ታክስ፣ ማጭበርበር ባይኖርም፣ ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ እስከ 5 ዓመት ሊሻሻል ይችላል። በአንጻሩ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው ጦርነት አካባቢውን ነክቷል። በዚያ ወቅት ደረሰኙ የጠፋበት ነጋዴ የባንክ መግለጫና ከደሴ ወይም ከባሕር ዳር አቅራቢዎቹ ዘንድ የቀረ ቅጂ መፈለግ ይኖርበታል። ማስረጃው በወቅቱ ካልቀረበ ስሌቱ ባለው መረጃ ላይ ብቻ ይመሠረታል።

የኦዲት ማስታወቂያ ከታክስ ስሌት ማስታወቂያ ጋር መምታታት የለበትም። በአዋጁ መሠረት የ21 ቀኑ የቅሬታ ጊዜ የሚቆጠረው የታክስ ውሳኔው ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ነው። የታክስ ስሌትን በተመለከተ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ለማለት ደግሞ አከራካሪውን ታክስ 50 በመቶ አስቀድሞ መክፈል ያስፈልጋል። ቀድሞ ሊቀርብ ይችል የነበረ ሰነድ ዘግይቶ ሲገኝ፣ ዋጋው በዚህ መጠን ይከብዳል።

ቅድመ ማስታወቂያ ለመደበቅ ዕድል ይሰጣል የሚለው ስጋት መሠረት አለው፤ ድንገተኛ ምርመራም ማጭበርበር ለሚጠረጠርበት ጉዳይ ሊቆይ ይገባል። ለመደበኛ ኦዲት ግን የታክሱን ዓይነት፣ የሒሳብ ዘመኑን፣ የሚፈለጉትን ሰነዶችና ቀኑን ለይቶ የሚገልጽ፣ ኽምጣንጋ ተናጋሪ ለሆነ ነጋዴም በቋንቋው የሚብራራ ማስታወቂያ የስሌቱን ትክክለኛነት ያጠናክራል።