ገፈራ ለሚደልቡ ከብቶች፦ ጥራቱ በምን ይታወቃል? በምንስ ይበላሻል?

በክረምት ሥጋ የያዘ በሬ በበጋ ይከሳል። በመስከረም ሣሩ ከከብቱ ፍላጎት በላይ ነው፤ ከጥር በኋላ ግን ገበሬው ወይ ድርቆሽ በውድ ይገዛል፣ ወይ የከሳውን በሬ በርካሽ ይሸጣል። ሣሩ ለምለም በሆነበት ጊዜ ዝናብ ስለማይጠፋ ጥሩ ድርቆሽ ማድረቅ አይቻልም። ማድረቁ ሲደርስ ደግሞ ሣሩ አርጅቶ አገዳ ብቻ ሆኗል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ገፈራ ነው።

ይሁን እንጂ ገፈራን አንድ ጊዜ ሞክረው የተዉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥቂት አይደሉም። የብዙ ቀን ጉልበት የፈሰሰበት ጉድጓድ ሲከፈት ከርፍቶ ወይም ሻግቶ ከተገኘ አባላቱ ሁለተኛ እንዲሞክሩ ማሳመን አስቸጋሪ ነው። ባየናቸው ጉድጓዶች የጥፋቱ ምክንያት በአብዛኛው ከሦስት አይወጣም፤ እነዚህም አየር፣ ውሃና የስኳር ማነስ ናቸው።

1. በጉድጓዱ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

የታጨደ ሣር ወዲያው አይሞትም። አየር እስካገኘ ድረስ ይተነፍሳል፤ በዚህም ስኳሩን ያቃጥላል፣ ይሞቃል። አየሩ ሲያልቅ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ወተትን ወደ እርጎ የሚለውጡት የእነዚሁ ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ሌሎቹን ጎጂ ተሕዋስያን ይገታል። የበቆሎ ገፈራ ፒኤች ከ3.8 እስከ 4.2 ሲደርስ መኖው ባለበት ይቆያል፤ አየር እስካልገባበት ድረስም ለብዙ ወራት አይበላሽም።

ስኳሩ ካነሰ ወይም ውሃው ከበዛ አሲዱ በቂ አይሆንም። በዚህ ጊዜ ክሎስትሪዲያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ፕሮቲኑን ያፈርሳሉ፤ ቡቲሪክ አሲድና አሞኒያም ያመነጫሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከአፈርና ከእበት ጋር ይገባሉ። ስለሆነም ጉድጓዱን በከብት ማስረገጥ አንመክርም።

2. የሞቃት አገር ሣር ለምን ያስቸግራል?

እንደ የዝሆን ሣርና ሮደስ ያሉ የሞቃት አገር ሣሮች የሚሟሟ ስኳራቸው ከደጋ ሣሮች ያነሰ ነው። ከሚያጠራቅሙት ኃይል ከፊሉ ስታርች ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። አገዳቸውም ሸካራ ስለሚሆን አየር ይይዛል። ስለዚህ የዝሆን ሣርን እንደ በቆሎ ቆራርጦ መቅበር ብቻ አይበቃም፤ ጠውልጎና ስኳር ተጨምሮበት መዘጋጀት ይኖርበታል።

ሞላሰስ የሚገኝ ከሆነ ለ100 ኪሎ ሣር ከ3 እስከ 5 ኪሎ በጥቂት ውሃ አቅጥኖ በየንብርብሩ መርጨት ነው። ለስኳር ፋብሪካ ሩቅ ለሆኑ ማኅበራት ግን የማጓጓዣው ወጪ አያዋጣ ይሆናል። ለእነዚህ ሁለት እጅ የዝሆን ሣር ከአንድ እጅ እርጥብ የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ ጋር ማደባለቅን እንመክራለን።

3. ምን ይታጨድ? መቼ?

ጥሩ ገፈራ የሚሆነው ፍሬው ከወተትነት አልፎ ሊጥ መሰል ሆኖ መጠንከር የጀመረ በቆሎ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያ በቆሎ የቤተሰቡ እህል ነው። የዓመት ቀለቡን ላልሸፈነ ገበሬ ይህን ምክር መስጠት ስህተት ነው። የልማት ሠራተኛው በቅድሚያ የሚከተሉትን ያመልክት፦

ሀ. እሸቱ ለገበያ የተሸጠለት የበቆሎ አገዳ፦ ልጆች የሚመጡት ጣፋጭ አገዳ ስኳር አለው ማለት ነው። እሸቱ በተነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳይደርቅ መታጨድ አለበት።

ለ. የዝሆን ሣር፦ ቁመቱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ሲሆን። ከዚያ በላይ ሲቆይ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፣ አገዳው ይጠነክራል።

ሐ. በደጋ አጃ ከቬች ጋር ተደባልቆ የተዘራ።

ገፈራ የገባበትን መኖ አያሻሽልም። ያረጀ ሣር የቀበረ ያረጀ ሣር ያወጣል።

የእርጥበቱን መጠን ለማወቅ የተከተፈውን መኖ በእጅ ጨብጦ ለግማሽ ደቂቃ መጭመቅ ይበቃል። በጣቶች መካከል ውሃ ከወጣ እርጥብ ስለሆነ ለጥቂት ሰዓታት ይጠውልግ። እጅ ሲከፈት ውሃ ሳይወጣ ቀስ ብሎ ከተዘረጋ ደርሷል፤ ደረቅ ይዘቱ ከመቶ 30 ገደማ ነው። ወዲያው ከተበታተነ በጣም ደርቋልና አይጠቀጠቅም።

4. የጉድጓዱ መጠን

ለምሳሌ አንድ ማኅበር 10 በሬዎችን ለፋሲካ ገበያ ለ90 ቀናት ቢያደልብና ለእያንዳንዱ በቀን 12 ኪሎ ቢሰጥ 10,800 ኪሎ ያስፈልገዋል። ብክነቱን ጨምሮ 13,000 ኪሎ ያዘጋጅ። በሰው እግር በደንብ የተረገጠ ገፈራ በአንድ ሜትር ኩብ በግምት 500 ኪሎ ስለሚይዝ የሚፈለገው ጉድጓድ 26 ሜትር ኩብ ነው።

ጉድጓዱ ጠባብና ረጅም ይሁን። ጥልቀቱ 1.2፣ አማካይ ስፋቱ 1.5፣ ርዝመቱ 14.5 ሜትር ቢሆን በየቀኑ ወደ 16 ሳንቲ ሜትር ይነሣለታል። በሞቃት አገር የተከፈተ ፊት በየቀኑ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ካልተነሣ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ጉልበት የሚያንሰው ማኅበር በሁለት አጫጭር ጉድጓዶች ቢከፍለው አንዱን ሞልቶ ዘግቶ ወደ ሌላው ያልፋል። ቦታው ውሃ የማይተኛበት ይሁን፤ ዙሪያውም የጎርፍ መውረጃ ይቆፈርለት።

5. አሞላል

መኖው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር ይገባል። እያንዳንዱ ንብርብር፣ በተለይም ዳርና ዳሩ፣ እግር እስከማይሰምጥ ድረስ ይረገጣል። ሥራው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ከመሬት በላይ ከፍ ብሎ እንደ ጎጆ ክዳን ከሾለ በኋላ በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ በላዩም አፈር ይጫናል። የተሰነጠቀ አፈር ወይም የተቀደደ ፕላስቲክ በየሳምንቱ ይታይ፣ ይጠገን። ቢያንስ እስከ 6 ሳምንት አይከፈት።

6. ሲከፈት ጥራቱን መለየት

- ቢጫ አረንጓዴ፣ ሽታው እንደ እርጎ ጎምዛዛ፣ ቅጠሉ ያልላላ፦ ጥሩ ነው።
- ቡናማ፣ እንደ ትምባሆ ወይም እንደ ተቃጠለ ስኳር የሚሸት፦ አየር ቆይቶበት ሞቋል። ከብቱ ይወደዋል፤ ፕሮቲኑ ግን እንደ ልብ አይፈጭለትም።
- ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያሟልጭ፣ እንደ ከረፋ ቅቤ የሚሸት፦ እርጥብ ነበር ወይም ስኳር አንሶታል። ከብቱ ብዙ አይበላውም።
- የሻገተ፦ ተለይቶ ይጣል። ለማንኛውም ከብት አይሰጥ።

7. አመጋገብ

የበቆሎ ገፈራ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ ከደረቅ ይዘቱ ከመቶ 8 ገደማ ብቻ ነው። ብቻውን አያደልብም። ለ250 ኪሎ በሬ በቀን 12 ኪሎ ገፈራ፣ 1 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 1.5 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ፣ ጥቂት ገለባ፣ ጨውና ንጹሕ ውሃ እንመክራለን። በመጀመሪያው ሳምንት ከ3 ኪሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስለመድ ይገባል። ጉድጓዱ ከአንድ ጫፍ ብቻ ይከፈት፤ የዕለቱ ብቻ ተነሥቶ ፊቱ ይሸፈን።

ማኅበራት ሥራውን በአንድ አነስተኛ ጉድጓድ ቢጀምሩ መልካም ነው። የልማት ሠራተኛው በሚሞላበትም ሆነ በሚከፈትበት ቀን ይገኝ። ጉድጓዱ ሲከፈት አባላት ሁሉ አሽትተውና ጨብጠው ይዩት። ያየነው ጥፋት ሁሉ በአሞላል ቀን ሊታረም ይችል የነበረ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ግን የሚታረም ነገር አይኖርም።